ጠባቂው በር ላይ፣ ውኃው በጓሮ፦ የአቢጃታ ሐይቅ ሃምሳ ዓመት

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ የተጓዘ ሰው ሁሉ በሩን ያውቀዋል። ዝዋይን፣ የዛሬዋን ባቱን አልፋችሁ፣ የቡልቡላን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ የላንጋኖን መታጠፊያዎች በግራ እየተዋችሁ ስትወርዱ፣ በቀኝ በኩል የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ይቀበላችኋል። ከበሩ ገባ ብሎ በአጥር የተከለለ ሜዳ አለ፤ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ይታይበታል። ብዙው ጎብኚ ፎቶውን አንስቶ ከዚያው ይመለሳል። ሐይቁ ድረስ የሚዘልቀው ጥቂት ነው።

እኔ የዛሬ ጥቂት ዓመት ለአንድ ጽሑፍ ስል ዘልቄ ነበር። አብረውኝ የሄዱት በዕድሜ የገፉ ስካውት ናቸው፤ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አጋድመው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። መኪናውን ያቆምነው ነጭ አመድ የመሰለ መሬት ላይ ሲሆን፣ ስትረግጡት ላዩ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰነጠቃል፣ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። ውኃው ከሩቅ እንደ ብር ክር ይታያል። ቆም አሉና በእግራቸው መሬቱን መታ አድርገው «ልጄ፣ እኔ ሥራ ስጀምር ውኃው እዚህ ነበር» አሉኝ። ከቆምንበት እስከ ውኃው ጫፍ ያለውን በዓይኔ ለመለካት ሞከርኩ። ሰው ቢጣራ ድምፁ የሚደርስ አይመስልም።

«ፔሊካኖቹስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እነሱ ዓሣ ካለበት ነው የሚሄዱት። እዚህ ምን ይበላሉ?»

ይህ ጽሑፍ ከዚያ መልስ የተነሣ ነው። አንድ ፓርክ ለወፍ ተብሎ ተመሠረተ፣ ሠራተኛ ተቀጠረለት፣ በጀት ተመደበለት፣ ሰው እንዳይሰፍርበት ተከለከለ፣ ግን ወፉ የሚበላው ጠፋ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የመጀመሪያው ተጠያቂ ሁሌም ከሰል አክሳዩና ከብት ነጂው ነው። ታሪኩን ከሥሩ ስንመለከተው ግን ሌላ ነገር ይወጣል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ። ዝዋይ (ደምበል)፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ዛሬ አራት ሐይቆች ናቸው። ከሺህ ዓመታት በፊት፣ የዝናቡ ዘመን በነበረ ጊዜ፣ አራቱም አንድ ግዙፍ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈሱ ነበር። አየሩ ሲደርቅ ውኃው ወረደና ተለያዩ። የተለያዩት ግን እንደ ወንድማማች ነው፤ የመቂና የከታር ወንዞች ዝዋይን ይሞሉታል፣ የዝዋይ ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ አቢጃታ ይገባል፣ የላንጋኖም ትርፍ በሆራ ቀሎ በኩል እዚያው ይደርሳል። አቢጃታ መውጫ የለውም። የገባው ውኃ የሚወጣው በፀሐይ ተኖ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ውኃው ጨዋማና ሶዳማ የሆነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ በዓመት ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውኃ ከሐይቁ ፊት ይተናል፤ ከሰማይ የሚወርደው ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጉድለቱን የሚሸፍኑት ወንዞቹ ናቸው። ስለዚህ አቢጃታ በሰው ደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ ማለት ነው። ላኪው ከላይ ነው፣ ተቀባዩ ከታች። ላኪው እጁን ከሰበሰበ ተቀባዩ የራሱ ጥሪት የለውም።

ሻላ ደግሞ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። ውኃው ጨዋማ፣ ዓሣው እጅግ ጥቂት ነው። ግን በመካከሉ ደሴቶች አሉት፤ ጅብም ቀበሮም የማይደርስባቸው። ትልቁ ነጭ ፔሊካን፣ ያ ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለው ወፍ፣ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነበር፣ በሺህ በሺህ እየሆነ። ልጆቹን የሚመግበው ግን ከጎረቤት ነው። በአቢጃታ ቆሮሶ ሞልቶ ነበርና።

ይህን ነገር በዝርዝር ያጠኑት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) ሌስሊ ብራውን የተባለው የወፍ ሊቅና በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ናቸው። ስለ ሻላ ፔሊካኖች አረባብ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ በ1969 ታትሟል። ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፤ በክንፉ ጉልበት ብቻ ኮረብታ ለመሻገር ይከብደዋል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ይጠብቅና፣ ትኩሱ አየር ሲነሣ በእሱ ላይ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በሻላና በአቢጃታ መካከል ያለውን ከፍታ ተንሳፍፎ ያልፋል። ዓሣውን ሞልቶ ይመለሳል። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማዕድ ቤት ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ አሠራር ያለው ቦታ በአፍሪካ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ፓርክ ይሁን የተባለውም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ፓርኮች ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ በ1963 በጁሊያን ሃክስሊ የሚመራ የዩኔስኮ ቡድን መጥቶ አገሩን ከጎበኘ በኋላ ነው። ቡድኑ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ፣ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እንዲጠናከር መከረ። አዋሽና ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ በ1969 በሕግ ታወጁ። አቢጃታ ሻላ የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1974 ሲሆን፣ ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከዚህም 482ቱ ውኃ ነው። ከግማሽ በላይ ውኃ የሆነ ፓርክ!

ዓመቱን አስተውላችኋል? አብዮቱ የፈነዳበት ነው። የመሠረተው መንግሥት በዚያው ዓመት ወደቀ። ፓርኩም ወሰኑ በካርታ ላይ ተሠምሮ፣ በአዋጅ ሳይጸድቅ፣ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። ሕግ ያልጸደቀለት ፓርክ ማለት የቤት ካርታ ሳይኖረው በስሙ እንደሚኖር ሰው ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ ችግር ሲመጣ ግን የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ከዚህም የባሰው ጉድለት ወሰኑ ራሱ ነበር። መስመሩ የተሠመረው በሐይቆቹ ዙሪያ ነው። መቂ ከውጭ ነው፣ ከታር ከውጭ ነው፣ ዝዋይ ከውጭ ነው፣ ቡልቡላም አብዛኛው ከውጭ ነው። የሐይቁን ሳህን ከልለው ቧንቧውን ለሌላ ሰው ሰጡት። በዚያን ዘመን ይህ የማንም ልዩ ጥፋት አልነበረም፤ ፓርክ ማለት አዳኝና ሰፋሪ የማይገባበት ክልል ማለት ነበር፣ የተማረውም ያልተማረውም ሰው የሚያስበው እንዲሁ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ባሉት ሃምሳ ዓመታት ሐሳቡ አለመቀየሩ ነው።

ደርግ ሲመጣ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተካሄዱ። በአንድ በኩል በፓርኩ ውስጥ የሚኖሩ የአርሲ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች እንዲወጡ ተደረገ። በሌላ በኩል የዚያው መንግሥት ሌላው እጅ በአቢጃታ ዳርቻ፣ በፓርኩ ውስጥ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተከለ። ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) ሲሆን፣ በዓመት እስከ 20,000 ቶን እንዲያመርት የታቀደ የሙከራ ፋብሪካ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሐይቁ ውኃ በፓምፕ ተስቦ ሰፋፊ ገንዳዎች ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ውኃውን ታተነዋለች። የቀረው ሶዳ ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ ይሸጣል፤ ለመስታወት፣ ለሳሙና፣ ለቆዳ ሥራ፤ ባቱ ላይ ለተተከለው የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃ ሆነ። በውጭ ምንዛሪ ለሚቸገር አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ይህን ስጽፍ ፋብሪካውን ያሰቡትን ሰዎች እንደ ጠላት እያየሁ አይደለም። ግን አስቡት፦ ፀሐይ ቀድሞውኑ ከሚገባው በላይ በምታተነው ሐይቅ ላይ፣ ተጨማሪ ማትነኛ ሜዳ በገንዘብ ተሠራ።

እንግዲህ ሁለቱን አነጻጽሩ። ከብቱን ይዞ የሚንቀሳቀሰው አርብቶ አደር የፓርኩ ጠላት ተባለና ተባረረ። የሐይቁን ውኃ የሚስበው ፓምፕ ግን የልማት ድርጅት ተባለና በር ተከፈተለት። እንዲህ ያለ ፓርክ በአካባቢው ሰው ዓይን ምን ይመስላል? በ1983 መልሱ ታየ። ደርግ በወደቀ ማግስት የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ፣ ሕዝቡ ተመልሶ ገባ፣ ዘመን ያስቆጠረው የግራር ደን በመጥረቢያ ወደቀ። ከመንገዱ ዳር በማዳበሪያ የተሞላ ከሰል ተደርድሮ መሸጥ የተለመደ ትዕይንት ሆነ። በኋላም አሸዋ፣ ለከብት የሚላስ ጨዋማ አፈር፣ ሁሉም በመኪና እየተጫነ ወጣ።

ይህን ማቃለል አልፈልግም። የግራሩ መጥፋት እውነተኛ ጥፋት ነው፤ ከግራሩ ጋር ብዙ ወፍና አውሬ ሄዷል፣ አፈሩም ተራቁቶ በጎርፍ እየታጠበ ነው። ግን ግራር ተቆርጦ ፔሊካን አይራብም። የፔሊካኑ ጉዳይ የውኃ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ጥፋቶች አንድ ላይ ማደባለቅ ለአንድ ወገን ይመቻል፤ ሁሉንም ነገር በመጥረቢያ ላይ ማሳበብ ይቻላልና።

የውኃውን ሒሳብ ስናየው እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ የአቢጃታ ስፋት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከሦስት አሥርተ ዓመታት በኋላ ከ100 በታች ወርዶ ተገኘ። «ሐይቅ ድሮም ይሞላል፣ ይጎድላል» የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። አቢጃታ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ዝናብ ሲበዛ ይሰፋል፣ ድርቅ ሲመጣ ይሰበሰባል። ልዩነቱ ድሮ ዝናብ ሲመለስ ሐይቁም ይመለስ ነበር። ፓምፖቹ ከመጡ በኋላ ግን ዝናቡ በተመለሰበት ዓመት እንኳ ሐይቁ ወደ ቀድሞ ቦታው አልደረሰም። ተመራማሪዎች ለዚህ ሁለት ምክንያት ጠቅሰዋል፤ አንዱ የሶዳው ፋብሪካ የሚስበው ውኃ፣ ሌላው ከላይ በዝዋይ ዙሪያ፣ በመቂ፣ በከታርና በቡልቡላ የተስፋፋው መስኖ።

ውኃው ሲቀንስ ጨዉ አይቀንስም፤ ይጠነክራል። ቆሮሶ ደግሞ ብዙ የሚችል ዓሣ ቢሆንም ልክ አለው። ዓሣው አለቀ። ዓሣ ሲያልቅ ፔሊካን፣ ዓሣ በል ንስርና ሌሎች ዓሣ አዳኝ ወፎች ሄዱ። ፍላሚንጎው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚበላው ዓሣ ሳይሆን በሶዳማ ውኃ የሚበቅለውን አልጌ ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ ተመችቶታል። ለዚህ ነው አንዳንድ የጉብኝት ማስታወቂያ ላይ ሐይቁ ጤነኛ የሚመስለው፤ ሮዝ ወፍ በብዛት ከታየ ማን ይጠይቃል?

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሐይቅ ላንሣ፣ ነገሩ «ውኃ ጨምሩበት» ብቻ እንዳልሆነ ያሳያልና። ከቢሾፍቱ አጠገብ ቂሎሌ የሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። እንደ አቢጃታ ሶዳማ ነበር። እ.ኤ.አ በ1989 ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ወደ ውስጡ ተጠለፈ። ሐይቁ ሞላ፣ ውኃው ግን ጣፈጠ፤ ፍላሚንጎ የሚበላው አልጌ ከነጭራሹ ጠፋ። ማንም ለመጉዳት አላሰበም፤ ሐይቁ እንደ ታንከር ተቆጠረ፣ በቃ። አንዱ ሐይቅ ውኃ ተነፍጎ፣ ሌላው ውኃ ተጨምሮበት ማንነቱን አጣ። በሁለቱም ላይ ውሳኔውን የሰጠው ሰው ሐይቅ ውስጥ ምን እንደሚኖር የመጠየቅ ግዴታ አልነበረበትም።

ሐሮማያን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። ፓርክ አልነበረም፣ ጠባቂም አልነበረውም። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ለአሥርተ ዓመታት የተሳበው ከእሱ ነው፤ በዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት የጠጣውም ከእሱ ነው፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበው ደለልም የተከመረው እሱ ላይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ደረቀ። ልጆች ኳስ ተጫወቱበት፣ ከብት ጋጠበት። ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ከርሰ ምድር በረጅም ቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነባት። ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ግን ሐሮማያ ላይ ውኃ መልሶ መታየት ጀመረ። ዝናቡ ረድቷል፣ በኮረብታዎቹ ላይ የተሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃም ረድቷል፣ የከተማዋ ቧንቧ ከሐይቁ መነቀሉም ቀላል ነገር አይደለም።

ሐሮማያ የተመለሰው በዳርቻው ጠባቂ ቆሞለት አይደለም። ከእሱ የሚቀዳው ስለቀነሰ፣ ከላይ ያለው መሬት ትንሽ ስላገገመ ነው። አቢጃታ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠባቂ አልተለየውም፤ የሚቀዳው ግን እየጨመረ ሄደ።

ጥበቃው ለምን አልሠራም ለሚለው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የበጀትና የሰው ኃይል እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው። አስተዳደሩም ከማዕከል ወደ ክልል፣ ከክልል ተመልሶ ወደ ፌዴራል ሲንከራተት ኖሯል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ነገ ጠዋት የስካውቱ ቁጥር በአሥር እጥፍ ቢያድግ፣ ሁሉም አዲስ መኪናና ሬዲዮ ቢይዝ፣ ቡልቡላ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ይጨምራል? ስካውቱ ከሰል የጫነ አህያ የማስቆም ሥልጣን አለው። ከፓርኩ ክልል ውጭ ያለ ፓምፕ የማስቆም ሥልጣን የለውም።

ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሞክሬ ነበር። ያኔ የምጽፈው ጽሑፍ አንድ ቁጥር ይፈልግ ነበር፤ ከዝዋይ መውጫ እስከ አቢጃታ ድረስ በቡልቡላ ላይ ስንት የውኃ ሞተር አለ? ስንቱስ ፈቃድ አለው? የመጀመሪያው ቢሮ «ይህ የውኃ ጉዳይ ነው፣ እኛ ዱር እንስሳት ላይ ነን» አለኝ። ሁለተኛው «መስኖ የግብርና ነው» አለ። ሦስተኛው «ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ ነው፣ እኛ ሠልጣኝ ገበሬ ነው የምንደግፈው» አለ። አራተኛው ደብዳቤ አምጣ አለኝ፤ በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አልነበረም። ጽሑፉ ያለ ቁጥሩ ወጣ። ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን አራቱም አልዋሹኝም፤ እያንዳንዱ የነገረኝ እውነቱን ነው። የሐይቁ ባለቤት የሆነ አንድም ቢሮ አልነበረም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል፤ ውኃ በፈቃድ እንደሚቀዳ፣ ለመጠጥ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይላል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ወጣ፤ ወንዝና ሐይቅ በወረዳ ወሰን ሳይሆን እንደ አንድ ተፋሰስ ይመራ የሚል ትልቅ ሐሳብ የያዘ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም የራሳቸው የተፋሰስ ባለሥልጣን ኖራቸው። ከዚያ መዋቅሩ ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ተጠቃለለ፣ ያም እንደገና ወደ ሌላ ገባ። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ሥራውን ሳይለምድ ስሙ ይቀየራል። የዓለም አቀፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ውኃ አዘል መሬቶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ በተፈረመው ስምምነት ውስጥ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሱዳን ገብተው ውኃ አዘል ቦታዎቻቸውን ሲያስመዘግቡ፣ ኢትዮጵያ ለአሥርተ ዓመታት ውጭ ቆማለች።

እዚህ ላይ ከኬንያ አንድ ነገር ብንቀዳ አይከፋም። ናይቫሻ እንደ ዝዋይ ነው፤ ጣፋጭ ውኃ ያለው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ፣ በዳሩ የአበባ እርሻ የሞላበት። እ.ኤ.አ በ2009 በድርቅ ክፉኛ ከወረደ በኋላ፣ ውኃ ቀጂዎቹ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩበት የድልድል እቅድ ወጣ። መሠረቱ ቀላል ነው፦ የሐይቁ ከፍታ ይለካል፤ ሐይቁ ሲወርድ የሚቀዳው ውኃም አብሮ ይቀነሳል፣ ከተወሰነ ልክ በታች ሲደርስ ይጠብቃል። ናይቫሻ ሁሉም ነገር ተስተካክሎለታል እያልኩ አይደለም፤ ብክለቱ አለ፣ ተደብቆ የሚቀዳም አለ። ግን ቢያንስ ሐይቁ በስብሰባው ላይ ወንበር አገኘ። ሲጎድልበት ሌላውም አብሮት ይጎድልበታል።

የእኛ ዝዋይ ላይ ይህ ለምን አስቸኳይ ሆነ? ምክንያቱም የአቢጃታ ታሪክ አቢጃታ ላይ አያበቃም። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ። የባቱ ከተማ ይጠጣዋል፣ ዓሣ አጥማጁ ይኖርበታል፣ ደሴቶቹ ላይ የዛይ ማኅበረሰብና የቱሉ ጉዶ ጥንታዊ ገዳም አሉ፣ በዳሩ ትልቅ የአበባ እርሻ አለ፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙ እስከ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ይደርሳል፣ በቅርብ ዓመታትም የበጋ መስኖ ስንዴ ተጨምሯል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሳህን ነው የሚበላው። ዝዋይ ጣፋጭ የሆነው ትርፉን በቡልቡላ ስለሚያፈስስ ነው፤ ጨዉ አብሮ ይወጣልና። ውኃው ወርዶ ወደ ቡልቡላ መፍሰስ ካቆመ ግን መውጫ የሌለው ሐይቅ ይሆናል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ፔሊካን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እንል ነበር፤ የሚጎዳው የባቱ የቧንቧ ውኃና የሽንኩርቱ ማሳ ነው።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጣና ላይ እምቦጭ ሲመጣ አገር ተነሣ። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፣ ከውጭ አገር ያለው ገንዘብ ላከ፣ ማሽን ተገዛ፣ ዘፈን ወጣ። እምቦጭ ዝዋይም ደርሷል። አረሙ ይታያል፤ አረንጓዴ ነው፣ ፎቶ ይነሣል፣ ጠላት መሆኑ ግልጽ ነው። የውኃ ሞተር ግን ጠላት አይመስልም። የምትሰሙት የልማት ድምፅ ነው፤ አንድ ወጣት ሥራ ፈጥሮ ቤተሰብ ሲያስተዳድርበት ታያላችሁ። እሱን ክፉ ማለት አይቻልም፣ እኔም አልልም። ጥያቄው ስንት ሞተር፣ ለስንት ሰዓት፣ ሐይቁ በምን ከፍታ ላይ ሳለ የሚለው ነው። ለዚህ ዘመቻ አይወጣም፤ መለኪያ ዘንግ፣ መዝገብና ያንን መዝገብ አይቶ «ዛሬ ይበቃል» የሚል ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ የሶዳውን ሥራ ወደ ሻላ ማሻገር የሚል ሐሳብ መነሣቱን ደግሞ ስታስታውሱ፣ ከአቢጃታ ምን እንደተማርን መጠየቅ ያሰኛል። ሻላ ላይ የቀሩት የመኝታ ደሴቶቹ ናቸው።

ከፓርኩ በተመለስኩበት ቀን ወደ ማታ ቡልቡላ ድልድይ አጠገብ ወርጄ ነበር። ወንዙ በጋ ላይ ስለነበር ሱሪዬን ጠቅልዬ ልሻገረው እችል ነበር። ከላይም ከታችም ሞተር ይጮኻል። አንድ ወጣት የሽንኩርት መደቡን እያጠጣ አገኘሁት፤ ቦይ ከፍቶ ይዘጋል፣ ከፍቶ ይዘጋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ገበያው፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ አወራን። ውኃው እየበቃው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ምን ይበቃል ወንድሜ? ከላይ ያሉት ሞተራቸው ትልቅ ነው፣ ቀድመው ይወስዱታል። አንዳንድ ቀን እኛ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።»

«ከአንተ በታችስ ማን አለ?» አልኩት።

ወደ ደቡብ፣ ፀሐይዋ ወደምትጠልቅበት ሜዳ ቀና ብሎ አየና ቦዩን መዝጋቱን ቀጠለ።

«ከታች ማንም የለም» አለኝ። «ፓርክ ነው።»